ከወዲያ አየር ያለበት መስመር

እሑድ፣ ጥር 18
ከቤት፣ መስኮቱ አጠገብ

ለታናሼ፣

«ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር እስክሪብቶዬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ደህና መሆኔንም መናፈቄንም እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለቱም የሆነ ቦታ አሉ። እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ናቸው፤ ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚለው ግን አይገባኝም።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ እንደ ልማዱ ነው። አሁን ወጥ ቤት ሆና ድስት ታንኳኳለች። ልጽፍልህ ስቀመጥ ስታየኝ «ሁሉም ሰላም ነው በይው። የሥራውን ነገር አታንሺበት፤ ልቡ ገና አልጠናም» አለችኝ። እሺ አልኳት።

የምጽፍልህ ስለ ሥራው ነው።

ካርድህ ደርሶናል። «እታለም፣ ቦታዬን ጠብቂልኝ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። እማዬ እንደ ረጅም ደብዳቤ ደጋግማ አስነበበችኝ። ሐኪምህ በስልክ «በሚመጣው ወር ሊወጣ ይችላል» ካላት ወዲህ አልጋህን አንጥፋ ጨርሳለች። ግን አንሶላውን ታነሳና መልሳ ታነጥፈዋለች። ማንም አልተኛበትም እኮ።

ከመነሻው ልንገርህ። አንተ የምታውቀው ሐኪም ቤት የወሰደህ መኪና ከበር እስኪወጣ ድረስ ያለውን ነው።

በሄድክ ሰሞን ማስመሪያው እቤት መጣ። አለቃህን በዚህ ስም መጥራት ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ነው የምለው። በዚያች ዝቅተኛ ሶፋችን ላይ እንኳ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ከስፌት ቤት ያመጣሁትን የኮት ጨርቅ ወለሉ ላይ ዘርግቼ ነበር። እንግዳ መጥቶም ሥራዬን አላቆምኩም፤ ያን ሰሞን ነውር የሚባለው ነገር ጠፍቶኝ ነበር። ጠመኔውን ይዤ የጀርባውን ኩርባ ከአንገት እስከ ወገብ እጄን ሳላነሳ ሳብኩት።

«እስቲ ድገሚው» አለ።

ደገምኩት።

«ከእጅሽ አይደለም የምትስቢው። ከትከሻሽ ነው።»

ከየት እንደምስብ አስቤ አላውቅም ነበር። ሻዩን አስቀመጠና ለእማዬ ነገራት፤ ፋብሪካው የልጅሽ የንድፍ ክፍል ወንበር ባዶ ሆኖ እንዲቆይ አይፈቅድም፣ ከውጭ ሰው ሊያመጣ ነው፣ ግን ይህቺ ልጅ እየተማረች በሱ ስም ብትቀመጥ እስኪመለስ ላቆይለት እችላለሁ። እማዬ እጁን ልትስም ምንም አልቀራት። እኔ እሺ አልኩ። ያን ሰሞን ለሁሉም እሺ ነበር የምለው። ሻይ ልቅዳልሽ? እሺ። ዝናብ መጣ። እሺ።

ክፍሉን ለማን ነው የምነግረው። ረጃጅሞቹን ጠረጴዛዎች ታውቃቸዋለህ፤ ወደ ግቢው የሚያየውን መስኮት፣ መደርደሪያው ላይ የተሰለፉትን ካውያዎችና የውሃ ማፍያዎች፣ ገና ሽቦ ያልገባላቸውን ነጫጭ ሞዴሎች። መጀመሪያ ስገባ ጥርስ መሰሉኝ።

ማስመሪያው ወረቀት ሰጠኝና «ሳጥን ሣዪ» አለኝ። ሣልኩ። አጠገብህ ይቀመጥ የነበረው ሳቂታው አንገቱን አስግጎ አየና እስኪያንቀው ሳቀ።

«ጋሼ ይምጡ! እህቱ ሳጥኑን አውልቃዋለች!»

ማስመሪያው መጥቶ አየው። ሳጥኑን በስድስት ቁራጭ ዘርግቼ፣ ጎን ለጎን ደርድሬ ነበር። በየቁራጩ ዙሪያ ደግሞ ጣት የምታህል ትርፍ ትቻለሁ፤ ለስፌት።

«ይሄ ሳጥን ነው ወይስ ሱሪ?»

«ሲሰፋ ሳጥን ይሆናል» አልኩት።

ሳቂታው ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። እኔ አልሳቅኩም፣ አልከፋኝምም። ነገሩ የሆነው ሌላ ሴትዮ ላይ ነበር።

ላጲስ ስጠይቅ ሳቂታው «እዚህ ቤት ላጲስ የለም፤ የተሳሳተ ከስህተቱ ጋር ይኖራል፤ ልክ እንደ ትዳር» አለኝ። በእስክሪብቶ ብቻ። ሁለት ነጥብ፣ በመሃላቸው መስመር። እጅን መጀመሪያ ወረቀቱን ሳያስነኩ አየር ላይ ማመላለስ፣ መንገዱን እስኪያውቀው፤ ከዚያ አንዴ መጣል። ሳይፈሩ፣ ሳይደግሙ። ገጹ እስኪሞላ። ከዚያ ሌላ ገጽ። ከዚያ ሞላላ ክቦች፣ ለብርጭቆ አፍ፣ ለድስት ክዳን። ሌላው ሰው ሲሰለቸው አያለሁ። እኔን አልሰለቸኝም። ለመሰልቸትም መኖር ያስፈልጋል።

ያስቸገረኝ ክብደቱ ነው። የመስመር ክብደት። እኔ ሁሉንም መስመር እኩል ነው የምጫነው። ስፌት ቤት መስመር ማለት መቀስ የሚሄድበት ነው፤ መቀስ ደግሞ ወፍራምና ቀጭን አያውቅም፣ ወይ ይቆርጣል ወይ አይቆርጥም። የሣልኩት ካውያ ከብረት ምጣድ ላይ ተጨፍልቆ የወጣ ይመስል ነበር። ማስመሪያው አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ከመስመሩ ወዲያ ምን አለ?» አለኝ።

«ወረቀት።»

«ካውያውን እዪ እንጂ ወረቀቱን ተይው። ከጫፉ ወዲያ ምን አለ?»

«ምንም።»

«አየር አለ። ዕቃው ያለቀበት፣ ከወዲያ አየር ብቻ ያለበት መስመር ይወፍራል። ከወዲህም ከወዲያም የዕቃው ገላ የሚታይ ከሆነ፣ እንደዚህ ጠርዝ፣ መካከለኛ ይሆናል። ገላው ላይ የሚንሸራተት ብቻ ከሆነ ቀጭን። መጀመሪያ የምትጥያቸው መገንቢያዎች ደግሞ ትንፋሽ ናቸው፤ ለራስሽ ብቻ።»

ቀላል ነገር ነው። አንተ ገና ወጣት ሳለህ ያወቅከው ነገር ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስሄድ ሰዉን ሁሉ እንደዚያ ማየት ጀመርኩ። አውቶቡስ ውስጥ የተጠጋጉት ሰዎች በመሃላቸው መካከለኛ መስመር አላቸው። ለብቻዋ በር ላይ የቆመችው እማዬ ዙሪያዋን ወፍራም ናት። ራሴን የት ላይ እንደማወፍር አላገኘሁትም።

አንድ ቀን ሙከራ ክፍል ሄጄ የተሰካ ካውያ ላይ በእጄ ተደገፍኩ። ያወቅኩት በቃጠሎው ሽታ ነው። ሳቂታው እየጮኸ ውሃ ይዞ መጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ አያምሽም እንዴ?» አለኝ። ያማል አልኩት፤ እሱ እንዲረጋጋ ብዬ።

የአንተን ነገር የነገረኝም እሱ ነው፣ ያን ዕለት፣ መዳፌን እየጠቀለለልኝ። እኛ እቤት ያየነው ዝምታህን ነበር። እዚያ ያዩት ሌላ ነው። መስመርህ እየቀጠነ ሄደ አለኝ። መጀመሪያ ሁሉም ወደዱት፤ ምን ዓይነት እጅ ነው ተባለ። ከዚያ ወፍራሙ ጠፋ። ከዚያ መካከለኛው። መጨረሻ ላይ ማስመሪያው ወረቀትህን ወስዶ መስኮት ላይ ለጠፈውና ብርሃኑ ሲያልፍበት አየው፤ ምንም የለበትም። «መስመሩ አለ፤ የማታዩት እናንተ ናችሁ» አልካቸው ይባላል። እውነት እንደዚያ አልክ? ሳቂታው ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም። ያን ጊዜ ማልቀስ ነበረብኝ። ጊዜው እንደሆነ ገብቶኛል። ጠበቅኩ፣ አልመጣም። አመስግኜው ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ።

ከዚያ እየቻልኩ ሄድኩ። ምን ልበልህ። የማላውቀው ሰው ሲሻለው እንደማየት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ማስመሪያው ግቢ ውስጥ ጠራኝ። የጭነት መኪናዎቹ ሞተር እየሠራ ስለነበር ጮክ ብሎ ነው የነገረኝ፤ ምስጢር የሚነገርበት ቦታ አልነበረም።

«ዋናው መሥሪያ ቤት ጊዜያዊ የሚባል ነገር ሰልችቶታል» አለኝ። «ሐሙስ መጥተው ይፈትኑሻል። ከወደቅሽ እስከሚመጣው ወር ይታገሱን ብዬ እለምናለሁ፤ ለወንድምሽ ሲባል ይሰሙኛል። ካለፍሽ ግን ወንበሩ ያንቺ ነው። ሌላ ወንበር የለኝም።»

«ምን ላድርግ ጋሼ?»

«እኔን አትጠይቂኝ። እኔ መስመር ነው የማውቀው።»

ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«አንቺ መቀስሽ አለሽ። ስፌት ቤቱም ቢሆን በሩን ከፍቶ ይጠብቅሻል» አለችኝ። «እሱ ምን አለው?»



ሐሙስ ጠዋት ከቤት ስወጣ እንደምወድቅ ወስኛለሁ። እንዴት እንደምወድቅም አውቃለሁ፤ ሁሉንም መስመር እኩል መጫን ነው፣ አለቀ። እጄ የኖረበት ነው፤ ማንም አይጠረጥርም። ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንድ ወንድ፣ አንድ ኮቷን ያላወለቀች ሴትዮ። የኮቷ ግራ እጅጌ ሲገጠም ተስቧል፤ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ካውያ አስቀመጡ፣ አፍንጫውን ወደኔ አድርገው።

ትንፋሾቹን ጣልኩ። መሃሉን ያዝኩ። የማይታየኝን ጎንም፣ ካውያው ወዲያ የሚያሳይ መስተዋት እንደሆነ አድርጌ፣ ከጀርባው አሳልፌ ሣልኩት። መያዣውን አቆምኩ። ከዚያ የውጪው መስመር ተራ ደረሰ። እስክሪብቶውን አየር ላይ አመላለስኩት። እንደገና። እኩል አድርጊው፣ እኩል አድርጊው አልኩ ለራሴ። እማዬን አሰብኳት። አንተን አሰብኩህ፤ አልጋህ ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ። ካርድህን አሰብኩ። ሁላችሁም ነበራችሁ፣ ግን ሩቅ ነበራችሁ። ቅርብ የነበረው ካውያው ብቻ ነው።

ክንዴ ወረደ።

መስመሩ ከአፍንጫው ተነስቶ ጎኑን ይዞ ሄደ። ብርሃን ያረፈበት ቦታ ሲደርስ ሳሳ፤ ጠረጴዛውን የሚነካበት ሲደርስ ወፈረ። ማንም ሳይነግረው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የነበረው ነገር ክብደት አገኘ፤ ብታነሳው እጅህን የሚስበው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተሰማኝ። ምን እንደሆነ አልጽፍልህም።

ሴትየዋ ወረቀቱን ወደ ሰውየው ገፋችለት። ሰውየው ለማስመሪያው ራሱን ነቀነቀ። ሳቂታው የሚቀልደው አጣ። ማስመሪያው «እንግዲህ» አለ፤ ብቻ። ወረቀት አመጡልኝና ፈረምኩ። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ መጥቶ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ቆመ። «እሱ ከመምጣቱ በፊት ሐሳብሽን ብትቀይሪ ንገሪኝ፤ መንገድ አላጣም» አለኝ። አየህ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እማዬ ስትሰማ ራቴን አቀረበችልኝ፤ የራሷን ይዛ አንተ ክፍል ገባች። ከውስጥ ሆና «ማን ይነግረዋል?» አለች። እኔ አልኩ። «አይሆንም» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለናል፤ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ አንሶላው እናወራለን።

አርብ ዕለት ሥራ ገባሁ። ቅዳሜም። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ልለው ሁለቱንም ቀን ማስመሪያው በር ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ቀን ተመልሼ ተቀመጥኩ። አሁን የምሠራው የውሃ ማፍያ አፍ ነው፤ ውሃው ሲቀዳ እንዳይንጠባጠብ ጠርዙ እንዴት መታጠፍ እንዳለበት። ይህን ልነግርህ አልፈልግም ነበር፤ አንተ ብትሆን ምን ታደርግበት እንደነበር ግን ልጠይቅህ እፈልጋለሁ።

ቤቱ ቤትህ ነው። ይህን እንድትጠራጠር አልፈልግም። ስትመጣ ጣቢያው ድረስ እኔ ነኝ የምመጣው፤ ሻንጣህን እኔ ነኝ የምይዘው። መድኃኒትህን ሳትሰለች ዋጥ። የምትተኛው እንቅልፍ ዕረፍት ይሁንህ፤ እግርህን መንገዱ አያድክመው፤ ጠዋት ስትነሳ እጅህ የራስህ ይሁን። የእማዬ ምርቃት ከኔ ይበልጣል፤ እሷም በየቀኑ ካንተ አልጋ አጠገብ ቆማ ትመርቅሃለች።

አንድ ነገር ብቻ፣ ወንድሜ። ስትመጣ ቦታዬን ልቀቂልኝ አትበለኝ። ካልከኝ እለቅልሃለሁ። የምለምንህም ለዚህ ነው።

እታለም