ተሸንፈን የጨፈርንበት ቀን

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ምንም የለም። ጀልባዋን ቀለም ቀባሁ፣ ዓሣ በላሁ፣ ተኛሁ። ግን ደብተር ተገዝቷል፤ መጻፍ ግድ ነው። የማታ መሠረተ ትምህርት ጨርሼ ዝም ልል ነው? ያውም አንደኛ ወጥቼ! ሁለተኛ ወይዘሮ ወርቅነሽ። (እስከ መጨረሻው የዘለቅነው እኔና እሷ ብቻ ነን... እሱን ማን ጠየቀኝ?)

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዮዲት ሰላም ሳትለኝ ገባች። ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የደሴ ልጅ። ማስተማር እንድትለማመድ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ተመድባለች። ሻይ ይዤላት ሄድኩ።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ልጆቹ አልገባቸውም ጋሼ ይልማ። ከኔጋቲቭ አራትና ከኔጋቲቭ ሰባት የቱ ይበልጣል ስላቸው፣ ሁሉም ሰባት! ዜሮን ደግሞ ከሁሉም ሥር ወረወሩት። ሐሙስ መምህር ሳምሶን ከዩኒቨርሲቲ ሊገመግመኝ ይመጣል። ከጣለኝ ዘንድሮ አልመረቅም።»

ወረቀቱን አየሁት። ከሰባት ፊት ጭረት። እስክሪብቶ ያዳለጣት መስሎኝ ነበር። ለካ ከዜሮ በታችም ቁጥር አለ... የኛ አስተማሪ ደብቆናል ማለት ነው!

«እንደ ግብ ዕዳ?» አልኳት።

«የግብ ዕዳ ምንድነው?»

ወይ ጉድ። ኳስ የማታይ የተማረች ሰው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጠዋት ሁሉንም ነገርኳት። የግብ ዕዳ ማለት ካገባኸው በላይ የገባብህ ነው አልኳት። 1979 ዓ.ም.፣ ሐዋሳን አዋሳ በምንልበት ጊዜ። የሐይቅ ዳር ቡድን ግብ ጠባቂ ነበርኩ። እንደኔ ያለ በረኛ ይህች ከተማ አላየችም፤ አታይምም። ሜዳችን አሁን ሆቴል የቆመበት ነው። አሸዋ... የባሕር ዛፍ ቋሚ... ኳስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሙሉጌታ፣ አምበላችን፣ ከነጫማው ይዘል ነበር። ሙሌ! ሲስቅ ታቦር ተራራ ድረስ ይሰማል።

በመጨረሻው ቀን እኛና የታቦር ልጆች በነጥብ እኩል ነን፣ አንዳችን ወራጅ። አንድ ለባዶ ተሸነፍን። ደጋፊው አለቀሰ። ከዚያ አንዱ በብስክሌት እየበረረ መጣ። ታቦርም ተሸንፏል! እነሱ ሰባት የግብ ዕዳ፣ እኛ አራት። ተረፍን! ሙሌ ተሸከመኝ። ጨፈርን፣ ሐይቁ ውስጥ ገብተን ጨፈርን። ያሸነፉን ልጆች ቆመው ያዩናል፤ አበዱ ብለው ነው መሰለኝ።

(ያዳንኳቸውን ኳሶች ትንሽ አበዛኋቸው። ማን ቆጥሯል?)

ዮዲት ስትስቅ ቆየችና ድንገት ደብተሯን አወጣች።

«ጋሼ፣ ነገ ክፍል ይመጡልኛል?»

«ሱፍ ለብሼ ነዋ!»

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሱፉ ሆዴ ላይ አልዘጋ አለ። ሄድኩ እንጂ።

መምህር ሳምሶን ከኋላ ተቀምጧል፤ ሳቅ የማያውቅ ፊት። ታሪኬን ተናገርኩ። ከዚያ ዮዲት አምስት ልጆች አወጣችና ወረቀት አስያዘቻቸው። 6፣ 2፣ 0፣ −4፣ −7።

«ቡድን ናችሁ። በነጥብ እኩል። በግብ ልዩነት ከላይ ወደ ታች ተደርደሩ።»

ያው ስህተት! ሔኖክ የሚባለው −7ን ደረቱ ላይ ለጥፎ ከሁሉም በላይ ጉብ አለ። ሶሊያና የምትባል ልጅ ዜሮን ይዛ ጭራ ላይ። ዮዲት ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ልናገር ስል በዓይኗ ከለከለችኝ።

ሶሊያና ወረቀቷን ገልበጥ አድርጋ አየች። «ቲቸር፣ እኔ ዕዳ የለብኝም! ለምን ከባለዕዳ ሥር እቆማለሁ?» ወጥታ ከ−4 በላይ ገባች፤ 2ን የያዘውም ተከትሏት ከሷ በላይ ቆመ።

ሔኖክ ግን ንቅንቅ የለም። «ሰባት ነኝ እኮ!»

«ሰባት አግብተህ ነው ወይስ ሰባት ገብቶብህ?» አለችው ሶሊያና።

ክፍሉ ፈነዳ። ሔኖክ ራሱን አከከ፣ እየሳቀ ከ−4 በታች ወርዶ ቆመ። ዮዲት ታሪኩን ትታ ቁጥር ብቻ ጻፈች፦ −9፣ 3፣ −1፣ 0። እጅ እንደ ጫካ ወጣ። ከሦስት እስከ ኔጋቲቭ ዘጠኝ በትክክል ደረደሩ።

«እርስዎ የትኛው ነበሩ?» አለኝ መምህር ሳምሶን ሲወጣ። ስቋል!

«ኔጋቲቭ አራት» አልኩት። በሕይወቴ ቁጥር እንዲህ በኩራት ጠርቼ አላውቅም።

ማታ ዮዲት በሩን እንደ ፖሊስ ደበደበችው። አልፋለች።

እሑድ፣ ሐምሌ 5

ትናንት ተመረቀች። ዛሬ ደሴ ሄደች። ባጃጁ ድረስ ሻንጣዋን ተሸከምኩ።

«ጋሼ፣ የሚጠይቁኝ ነገር የለም?» አለች።

አለኝ። ከዚያ ጭፈራ በዓመቱ አሥራ ዘጠኝ የግብ ዕዳ ይዘን ወረድን፣ ቡድኑም ፈረሰ። ሙሌ ቡሹሎ መንደር ገብቶ ገበሬ ሆነ። እዚያው እስኪሞት፣ ኳስ በተነሣ ቁጥር «ተወኝ ይልማ፣ ከኛ በታች ማን አለ?» ይል ነበር። ያ ሁሉ ሳቅ...

«የመጨረሻው ትንሽ ቁጥር የቱ ነው?» አልኳት።

«የለም።»

«እንዴት የለም?»

«የቱንም ይጥሩ፣ ከሱ የሚያንስ ሌላ አለ። ማለቂያ የለውም።»

ባጃጁ ሄደ። ግቢው ጭር ብሏል። ገብቼ ቀስ ብዬ ጻፍኩ፦ −19። ከሥሩ −20፣ −21፣ −22... ገጹ አለቀ፣ ቁጥሩ አላለቀም።

ሰማህ ሙሌ? ከኛ በታች አለ። ስንት አለ መሰለህ!