ማስታወቂያውን የፈረምኩት እኔ ነኝ

ለእህቴ ለእትዬ ሀስና፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የጅዳው ሙቀት በረድ አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላውም ደህና ገብቷል። በስልክ ስናወራ እማማ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ያልነገርኩሽ ነገር አለ፤ በወረቀት የመጣሁብሽ ለዚህ ነው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ስሆን የጠበቀኝ ባዶ መደርደሪያ ነበር። ሰው ሳይከፍል ይታከማል፣ መድኃኒት መግዣ ይጠፋል። ከበላይም ገቢያችሁን አሳድጉ ተባልን። እኔም «ያልከፈለ ወይም የጤና መድኑን ያላሳደሰ አይስተናገድም» ብዬ ፈርሜ ለጠፍኩ። በሦስት ወር መደርደሪያው ሞላ። ተመሰገንኩ።

ባለፈው ሳምንት ዚነት የሚባሉ እናት አስም አፍኗቸው ከልጃቸው ጋር ከዋጃ በኩል በባጃጅ መጡ። መድናቸው አልታደሰም። ገንዘብ ያዡ ገዛኸኝ መጀመሪያ ክፈሉ ቢላቸው ልጃቸው ብር ልትበደር ወደ ገበያ ሮጠች። ነርሷ ፈሪሀ ቢሮዬ ገብታ «ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። አልዋሽሽም እትዬ፣ አመነታሁ። ዛሬ አንዷን ባሳልፍ ነገ ማንን ልመልስ ነው ብዬ አሰብኩ። ሴትዮዋ ከወንበር ሲወድቁ ድምፁን ሰማሁ፤ ያኔ ነው የሮጥኩት። ኦክስጅኑን አደረግንላቸው፣ መርፌውንም ወጋናቸው። እስከ አሱር ሶላት እጃቸውን ይዤ ትንፋሻቸውን ሳዳምጥ ዋልኩ። አላህ አተረፋቸው።

ገዛኸኝን ልቆጣው ብል «ፊርማው የማን ነው?» አለኝ።

በማግስቱ ማስታወቂያውን አንስቼ፣ የጠናበት አስቀድሞ እንዲታከም፣ ክፍያው ኋላ እንዲታይ አዘዝኩ። የጤና ጣቢያው ቦርድ ሰዎች ጠርተው መድኃኒቱ ሲያልቅ በምን ልትገዢ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ባዶ መደርደሪያም ሰው ይገድላል። እስከ የካቲት መጨረሻ በየቀበሌው ዞሬ ሰዉን መድን ላሳድስ፣ ካልሞላልኝ ኃላፊነቱን ላስረክብ ተስማምቼ ወጣሁ። ጎብዬ ገበያ ላይ ስቀሰቅስ ውዬ ድምፄ ተዘግቷል፤ እስካሁን የተመዘገበው የሚፈለገውን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ዚነት ሲወጡ «መድኔን ሳላሳድስ አስቸገርኩሽ ልጄ፣ አውፍ በይኝ» አሉኝ። ይቅርታ ለምኜ አውፍ ማስባል የነበረብኝ እኔ፣ ደህና ግቡ ብዬ ሸኘኋቸው። የፊታችን ጁምዓ ቤታቸው ሄጄ ያን ዕለት ቢሮዬ ውስጥ ማመንታቴን በአፌ እነግራቸዋለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።

ለእማማ እንዳትነግሪብኝ። እሷ ዱዓዬ አይለይሽ ብላሻለች። ለባለቤትሽ ለጀሚል፣ ለልጃችሁ ለኑሀ፣ አብራችሁ ለምትኖረው ለማርታም ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

ታናሽሽ ሳቢራ
ቆቦ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.