አባ ፊጣ የቀጠቀጡት ብረት

ኅዳር 18፣ ጅማ

ጋሊየም የሚባለው፣ ቀልጦ የሚሽከረከረው ብረታ ብረት በራሱ ፍሰት መግነጢስ የፈጠረ መስሎኝ ለምርምር አማካሪዬ በደስታ ነግሬው ነበር። ዛሬ ፈሳሹን የሚያሽከረክረውን የብረት መቅዘፊያ አውጥቼ በመዳብ ተካሁት፤ የኮምፓሱ መርፌ ንቅንቅ አላለም። የብረቱን መለስኩት። ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ፈሳሹ ረግቶ ሳለ፣ መርፌው ዞረ።

መቅዘፊያውን የቀጠቀጡልኝ የሄርማታ ሰፈሩ ብረት ቀጥቃጭ አባ ፊጣ ናቸው። "ወደ ቂብላ ካልዞርኩ መዶሻ አላነሳም፣ ልጄ" ይሉኝ ነበር። ለሶላት የሚዞሩበት ቂብላ ከዚህ ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ሰሜን ተጋድሞ የተቀጠቀጠ ብረት ደግሞ ከምድር መግነጢስ ይይዛል። ለካ ስለካ የከረምኩት የፈሳሹን ሳይሆን የእሳቸውን ምት ኖሯል።

ባለፈው ረመዳን ቀበርናቸው።

ብረቱ እስኪቀላ ቢግል መግነጢሱ ይጠፋል፤ ሙከራዬም ይጠራል። ከሰሉን አቀጣጥዬ ነበር። ፍሙ አመድ ለበሰ፤ ብረቱ ግን አሁንም ጭኔ ላይ ነው።