በእጅ ጀርባ የተነካው ሽቦ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018

የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ተፈትነው የሚመዘገቡበትን ሥልጠና ልዘግብ መገናኛ ሄድኩ። በአዲሱ የመንግሥት ደንብ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ለሚያስገባ ቤተሰብ ከወጪው ከፊሉ ይመለስለታል፤ ሥራውን የተመዘገበ ባለሙያ ካልሠራው ግን አይመለስም። ስለዚህ ያልተመዘገበን ከእንግዲህ ማንም አይጠራም።

የጋሽ ታደሰ የፈተና ተራ ደረሰ። የእኔን ቤት ጨምሮ እንጦጦ ሥር ላሉ ብዙ ቤቶች መስመር የዘረጉት እሳቸው ናቸው። የኃይል መፈተሻውን ቴስተር ትተው፣ እንደ ልማዳቸው የቀረበላቸውን ሽቦ በእጃቸው ጀርባ ነካ አድርገው፣ "ኃይል የለውም" አሉ።

"ቴስተሩ ለጌጥ ነው እንዴ?" አለ አሠልጣኙ።

"እጄ አታሎኝ አያውቅም፣ ልጄ።"

"እንግዲያው እጅዎ ይመዝገባ፤ እርስዎ ይቅሩ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄያለሁ። አሠልጣኙ እንዲደግሙት አዘዛቸው፤ ደገሙት፤ ፎቶ አነሳኋቸው። ከዚያ ስማቸውን ከተመዝጋቢዎቹ ዝርዝር ሰረዘው።

ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ። "ፎቶው እንዳይወጣ አደራ። ሰፈሩ ያየዋል።"

"አይወጣም፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"እንዲህ አይደረግም" ከሚል መግለጫ ጋር ቀድሜ ልኬው ነበር። የጋዜጣችን አዘጋጅ ወዶታል፤ ነገ የፊት ገጽ ላይ ነው። ጋዜጣ አዟሪዎቹ የሚቆሙት ሾላ ታክሲ ተራው ጋ ነው። ጋሽ ታደሰም የሚሳፈሩት ከዚያው ነው።