ስድስቱም የጠዋት

ጥቅምት 6
ዛሬም ያው። ሁለት መቶ ክራንች ወጣ፣ ስድስቱን ሰበርኩ። ማሽኑ ክራንቹን እስኪሰበር ድረስ ነው የሚጫነው፤ ከመቶ ሃምሳ ኪሎ በታች ከተሰበረ የቀኑ ምርት ይቆማል። ሁሉንም ብሞክር ምን ሊሸጥ? ስለዚህ ናሙና። ደንቡ ሁለት ከጠዋቱ፣ ሁለት ከቀትሩ፣ ሁለት ከመዝጊያው ይላል።

ስድስቱንም ከጠዋቱ ወሰድኩ። ቅጹ ላይ ግን ለሦስቱም ሰዓት አከፋፍዬ ጻፍኩ። ምን ላድርግ? ጎረቤታችን አባዬ ጋ የምትቆየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እግሩን ከታመመ ወዲህ ብቻውን መተው አልችልም። ያው ብረት፣ ያው በያጅ... ምን ልዩነት አለው?

ጥቅምት 9
ኃላፊው "ለአባትሽ ከትናንቱ ምርት አንድ ውሰጂላቸው" አለኝ። የአባዬ ደስታ ለጉድ ነው። ጎረቤታችንን "ልጄ የፈተነችው ነው፣ ዝሆን ቢደገፈው ንቅንቅ አይልም!" ሲላት ሰማሁ። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ለይምሰል።

ጥቅምት 17
ምሳ ላይ በያጁ እንደ ቀልድ "ከሰዓት የመበየጃው ጋዝ ሲደክም እኮ ብየዳው ይቦረቦራል። አንቺ ካሳለፍሽው እኔ ምናገባኝ" አለ። ክው አልኩ።

ቤት እንደገባሁ የአባዬን ክራንች አገላብጬ አየሁ። ቀለም ተቀብቷል፣ ምን ይታያል?
"አባዬ፣ ልቀይርልህ።"
"ተይ የኔ እናት፣ እጄ ለምዶታል።"
ተውኩት። ለምን ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልለው ነበር? ፈራሁ።

ጥቅምት 21
ተሰበረ። ደረጃው ላይ። ብየዳው ላይ ነው የለቀቀው። አባዬ ዳሌው...

ጥቅምት 22
ሆስፒታል። ነገ ቀዶ ጥገና አለው። ነገርኩት፣ ሁሉንም። ጣሪያውን አየ።
"ለእኔ ብለሽ ነዋ" አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
ከዚያ "ሌሎቹስ? ክራንቹን የገዙት?" አለኝ።
ስለ እነሱ አንዴም አላሰብኩም ነበር። አፈርኩ።

ጥቅምት 23
አባዬ ቀዶ ጥገና ክፍል እንደገባ ፋብሪካ ሮጥኩ። ቅጾቹን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። ፊቱ አመድ መሰለ።
"ስንት ቀን?"
"አሥራ ስምንት።"
ሱቆቹ ሁሉ ጋ ተደወለ፣ ክራንቹን የሚሰበስብ መኪና ወጣ። ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ "ከእንግዲህ ብቻሽን አትፈርሚም። አሁን አባትሽ ጋ ሂጂ" አለኝ። የፋብሪካው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጥቅምት 29
አባዬ አረፈ። የሆስፒታሉ ወረቀት የሞተው በሳንባ ነው ይላል። ይበል። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።

ኅዳር 20
ወደ ሥራ ተመለስኩ። ከወጡት ክራንቾች አብዛኞቹ ተመልሰዋል። ሁለት ሴትዮዎች ግን ወድቀዋል አሉ፤ አንዷ እጇን ተሰብራለች። አድራሻዋን ተቀብያለሁ። ምን ብዬ እንደምሄድ እንጃ... ግን እሄዳለሁ።

አሁን ናሙናው በእጣ ነው። የክራንቾቹ ቁጥሮች ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤ በየሰዓቱ በያጁ ያወጣል፣ እኔ እሰብራለሁ፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። "ነፍስ ይማር" ብሎኝ ዓይኔን ማየት አቃተው። እኔም የሱን።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጄ ራሱ ቦርሳዬን አነሳ። በሩ ጋ ስደርስ ትዝ አለኝ።
መልሼ አስቀመጥኩት። የመዝጊያዎቹን ጠበቅኩ።