የእኔ ጉንጭና የሰናይት ጉንጭ

ማክሰኞ

ዛሬም ጉንጬ ከምሳው በላይ ተወራለት። ሳህን ይዤ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር «ዝናሽ፣ ጅቡቲ ተስማማሽ» ነው። ጅቡቲ ለማን ተስማምታ ታውቃለች? በነሐሴ ሐምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነፍስ ግመሉም ይከሳል። የተስማማኝ ፕሬድኒሶሎን ነው። ዓይኔ ውስጡ ተቆጥቶ ሐኪሙ ያዘዘልኝ ጊዜ ስሙን መጥራት ራሱ ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሁን ወራት አለፉ፣ ስሙንም ለመድኩት፣ ፊቴም እንደ ዳቦ ተነፋ። ግን ውለታው ብዙ ነው። ያኔ የአንዱን ሾፌር ሽሮ ለሌላው፣ የሌላውን ፓስታ ሒሳብ ከፍሎ ለሚወጣው ነበር የማቀርበው። አሁን ምግብ ቤታችን ካለበት ከከባድ መኪኖቹ ማቆሚያ፣ ፔካ 12 አስፋልት ላይ ገና ከሩቅ የሚመጣው ሰውዬ ፂሙን መላጨት አለመላጨቱን አያለሁ።

የምግብ ቤታችን ባለቤት እትዬ አስቴር አላስችል አላቸው።

«እስቲ ምን እየበላሽ ነው? ለኛም ንገሪን።»

«ቴምር በሰሊጥ ዘይት ዘፍዝፌ አሳድርና ጠዋት ከነዘይቱ ጭልጥ። የጾም ነው» አልኳቸው።

ፊቴን እንኳን አላጣመምኩም። አጠገባቸው ምሳ የሚበላ አንድ ቀጫጫ ሾፌር ስልኩን አውጥቶ ጻፈው። እግዜር ይሁነው።

ሰናይት ብቻ አልሳቀችም። ሰናይት እዚሁ ምግብ አብሳያችን ናት፣ ካርቲየ 3 የሚባል ሰፈር ደግሞ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ነው የምንኖረው። የሷ ጉንጭ ከኔ ቀድሞ ነው የሞላው። «የተፈጥሮዬ ነው» ትላለች። የድሮ ፎቶዋን አይቻለሁ፣ ተፈጥሮዋ ያኔ ዕረፍት ላይ ነበር።

ማታ ልንተኛ ስንል «ዝኒ፣ ከዚያ ክኒንሽ ትንሽ ትሰጪኛለሽ?» አለችኝ።

«ምነው፣ አንቺም ማየት አቃተሽ? ቴዲን በደንብ ብታዪው እኮ አታገቢውም ነበር።»

ቴዲ እጮኛዋ ነው፣ የከባድ መኪና ሾፌር። ዓርብ ይገባል። ፍልሰታ ሲፈታ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሌላ ጊዜ ስለሱ እንዲህ ስላት ትራስ ትወረውርብኛለች። ዛሬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ረቡዕ

መድኃኒቴን ልቀጥል ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ማዳም ሆዳን ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከኔ ይሻላል፣ አንቺ ካላልኳትም ትቆጣለች። ሐኪሙ ከዛሬ ጀምሮ ቀንሺ ብሎኛል።

«ባልቀንስስ? ጉንጬን ወድጄዋለሁ» አልኳት።

«አቦ ዝናሽ፣ ጉንጩን ወደድሽ። አጥንትሽ ሲሳሳስ? ስኳር ሲመጣብሽስ?»

«እሺ፣ እንዲያ ከሆነ ዛሬውኑ እጥለዋለሁ።»

«እሱ ደግሞ ይብሳል።»

አስረዳችኝ። ሰውነት ይህን ነገር ራሱ ይሠራል አሉ፣ ትንሽ ትንሽ። ከውጭ በክኒን ሲመጣለት ጊዜ ሥራውን ይተዋል። እትዬ አስቴር አንድ ሰሞን ሁለተኛ ሳህን አጣቢ ሲቀጥሩ የፊተኛው እንዳደረገው ማለት ነው፣ ተኛ። ታዲያ ክኒኑን ባንዴ ካቆምሽ የተኛው ቶሎ አይነቃም፣ ሰው ይወድቃል። ስለዚህ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያሉ መቀነስ ነው እንጂ መጣል የለም።

የቀረውን እንዳልረሳው እዚህ ልጻፈው። ጠዋት፣ ምግብ በልቶ። (ንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል። እትዬ አስቴር ግን በጾም ገንፎ ስውጥ ካዩኝ በዓይናቸው ሌላ በሽታ ያመጡብኛል፣ ስለዚህ ቤት በልቼ ነው የምወጣው።) ማታ አለመውሰድ፣ እንቅልፍ ይነሳል። ጨው መቀነስ። ለራስ ምታት ብዬ ከሱቅ ያገኘሁትን ማስታገሻ አለመዋጥ፣ ጨጓራ ይልጣል፣ መጀመሪያ እሷን መጠየቅ። ትኩሳት ከያዘኝ ዝም ብዬ አለመተኛት። ከሚያስል ሰው ራቅ ማለት። ይሄኛውን ወድጄዋለሁ፣ ማታ ማታ እያሳለ ቁጭ በይ የሚለኝ ሾፌር አለ፣ አሁን የሐኪም ትእዛዝ ነው እለዋለሁ። ጥርሴን ለመንቀልም ብሄድ ይህን መውሰዴን መናገር። ለማንም አለማካፈል።

የመጨረሻውን ለሰናይት ነገርኳት፣ ትናንት ለጠየቀችኝ መልስ እንዲሆን። ያኔ ነው የተነፈሰችው። ከፋሲካ ጀምሮ ገበያ ውስጥ ማወፈሪያ የምትሸጥ ሴት ነበረቻት፣ በወረቀት ጠቅልላ የምትሰጣት። ቴዲ መጀመሪያ ሲያያት «ትንሽ ሥጋ ቢኖርሽ» ብሏት ነበር አሉ። አሁን ሴትየዋ ጠፍታለች፣ ባሕር ተሻግራለች ይላሉ። ሰናይት እሑድ የመጨረሻውን ዋጠች።

«ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ማወፈሪያ ነው አልኩሽ።»

«ማዳም ሆዳንን እንጠይቃት።»

«ለማንም ትንፍሽ ብትይ ከዚህ ቤት እወጣለሁ።»

 

ሐሙስ

ቀጫጫው ሾፌር ዛሬ ጠዋት ሊሄድ የነበረው ጉዞ ቀርቶበታል። ቴምሩን ጠጥቶታል። ከሽንት ቤት በር ላይ ሆኜ «ጀመረህ?» ስለው የመለሰልኝን እዚህ አልጽፈውም። እትዬ አስቴርም ዘፍዝፈው ነበር፣ በሰዓቱ ደርሼ አስደፋኋቸው።

ሰናይት ግን አልተነሳችም። ስትቆም ያዞራታል፣ ውሃውም አይረጋላትም፣ ሰውነቷ በሙሉ እንደተደበደበ ሰው ያማታል። እትዬ አስቴር ደውለው «ጾሙና ሙቀቱ ነው፣ ትረፍ» አሉ። ሁሉም ሙቀት ነው ይላል። እዚህ አገር መኪና ቢገለበጥም ሙቀት ነው ይባላል።

እኔ ግን የዚያ የተኛ ሳህን አጣቢ ወሬ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ከራሴ ክኒን አንድ ልስጣት ብዬ ሣጥኑን ከፈትኩ። ስንት? ለምን ያህል ጊዜ? ነገሩ ሌላ ቢሆንስ? ዘጋሁት። ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት። «ነገ ቴዲ ሲመጣ ይሻለኛል» አለች፣ ቴዲ ራሱ ክኒን ይመስል።

ስትተኛ ቦርሳዋን በረበርኩ። ወረቀቱ እጥፋት ውስጥ ሳታያት የቀረች አንድ ፍሬ አገኘሁ። ነገ በጠዋት ፍሬዋን ይዤ ማዳም ሆዳን ጋ እሄዳለሁ። ሰናይት ከቤት ከወጣችም ትውጣ፣ በእግሯ ትውጣ ብቻ።

ዓርብ



ቴዲ ጎህ ሲቀድ ገባ። መኪናውን ፔካ 12 አቁሞ በታክሲ መጣ። ሰናይት ልትቀበለው ስትነሳ በሩ ላይ ተዝለፈለፈች። እሱ ውሃ ሲረጭባት እኔ ወደ ፋርማሲ ሮጥኩ። ማዳም ሆዳን ተረኛ ነበረች፣ ተመስገን።

ማዳም ሆዳን ፍሬዋን አገላብጣ አየቻት። «ሣጥኑ ከሌለ መማል አልችልም። ግን ማወፈሪያ እያሉ የሚሸጡት እንዲህ ያለውን ነው። ካንቺው መድኃኒት ቤተሰብ ነው፣ ይበረታል እንጂ አያንስም። ለስንት ጊዜ ወሰደች?»

«ከፋሲካ።»

«መቼ አቆመች?»

«እሑድ።»

«አቦ አሁኑኑ ውሰጃት። ሙቀት ነው ብለው እንዳይመልሷት፣ ይህን ንገሪያቸው።»

ሐኪም ቤት የተቀበለችን ሐኪም በፈረንሳይኛ ትጠይቃለች፣ አማርኛ የምትችል ነርስ ትተረጉማለች። የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ሰናይት «የለም» አለች። ቴዲ ከአልጋው ራስጌ ንቅንቅ አይልም፣ እጇን ይዟል። እሷ በሌላኛው እጇ የኔን ጨምቃ ታየኛለች። ገባኝ። እሱ እያለ ሞቷን ትመርጣለች።

ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። ማንም አልደወለም።

«አቤት እትዬ አስቴር... የማን? የቴዲ? ሁለቱንም ታርጋ?»

ቴዲ ቀና አለ።

«ቴዲ፣ መኪናህን ያለ ቦታው አቁመህ ፖሊስ ታርጋ እየፈታ ነው አሉ።»

የኢትዮጵያ ሾፌር ይህን ቃል ሰምቶ አይቀመጥም። «አደራ እሷን» ብሎኝ በረረ። ታክሲ ሲጠራ በመስኮት ሰማሁት።

«በይ አሁን ንገሪያቸው» አልኳት። ፍሬዋ በእጄ ናት፣ ዝም ብትል እኔው ልናገር ነበር። ነገረቻቸው። በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉንም፣ ከፋሲካ እስከ እሑድ። የሐኪሟ ፊት ባንዴ ሌላ ሆነ። ግፊቷን ደግመው ለኩ፣ ጣቷን ወግተው ስኳሯን አዩ፣ ሁለቱም ወርዷል። መርፌ ወጓት፣ ግሉኮስ ተከሉላት። ነርሷ «ቤት ብታድር ኖሮ» ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ሄደች። እኔም እንድትጨርሰው አልፈለግኩም።

ቅዳሜ

ሰናይት ነቅታ የመጀመሪያ ቃሏ «ምግብ የለም?» ነው። ሐኪሟ ጾሙን አስፈትታታለች። ሾርባውን ቀምሳ «ይሄን ማን ነው ያበሰለው?» ብላ አፏን ስታጣምም መዳኗን አወቅኩ።

ቴዲ ግን ሊገድለኝ ነው።

«ታርጋው እኮ ሁለቱም ቦታው ላይ ነው።»

«ፈትተው መልሰው አሰሩት ማለት ነው።»

«ዝናሽ፣ ሰው እንዲህ ሆኖ ትቀልጃለሽ?»

ስድቡን ቆሜ ጠጣሁት። መልሱ አፌ ውስጥ እያለ መዋጥ እንደዚህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ የኔ ክኒን ከሱ ይቀላል።

ሐኪሟ ለሰናይት ከኔው ዓይነት ክኒን አዘዘችላት። ጠዋት ጠዋት፣ ከምግብ ጋር፣ በቀጠሮ ቀስ እያለ የሚቀነስ። ካርድም ሰጥታታለች፣ የትም ብትወድቅ የሚያነሳት ሰው እንዲያነብ። ሰውነቷ ሥራውን መቼ እንደሚጀምር አይታወቅም፣ ወራት ሊፈጅ ይችላል አሉ። ጉንጯም ቀስ ብሎ ይሄዳል። ይህን ስትሰማ ወደ በሩ አየች፣ ቴዲ ወደ ወጣበት።

እሑድ

ወደ ቤት ተመለስን። ቴዲ ነገ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ አዲስ አበባ።

ሰናይት ራሷ ነገረችው። ልውጣ ስል «ተቀመጪ» አለችኝ፣ ለምስክርነት ይሁን ለመከላከያ እንጃ። ማወፈሪያውን፣ ሴትየዋን፣ የታርጋውን ነገርም ሳይቀር። ቴዲ ወደሷ ዞረ።

«እኔ ነኝ ሥጋ ቢኖርሽ ያልኩሽ?»

«አዎ።»

«መቼ?»

ሰውዬው አያስታውሰውም። እሷ በሱ ቃል ልትሞት፣ እሱ አያስታውሰውም። እዚህ ላይ ሳህን ብወረውርበት ደስ ባለኝ፣ ግን ቀጠለ፣ «ጉንጩ ይሂድ ሰናይት። አንቺ ብቻ የትም እንዳትሄጂ» አለ። ይህ ሰው ከጎማና ከናፍጣ ሌላ ወሬ እንዳለው ዛሬ ገና ሰማሁ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «የታክሲውን ትከፍይኛለሽ» አለ። ይቅርታ መሆኑ ነው።

ሲወጣ እሷ መስታወቷን አንስታ ፊቷን በሁለት እጇ ጫን ጫን አደረገችው።

«ዝኒ፣ ከስቼ ሲመጣ ባያውቀኝስ?»

«አስተዋውቃችኋለሁ። ‹ቴዲ፣ ሰናይት ትባላለች፣ ምግብ ትችላለች› እለዋለሁ።»

ትራሱ ፊቴ ላይ አረፈ። ክንዷ ገና ደካማ ነው፣ አላመመኝም። እንደምንም ብላ ሁለተኛውን አነሳች።