አባቴ ፈተና እንዲወድቅልኝ ስለመጠየቅ

ኅዳር 3 ቀን። አባቴ ፈተናውን ካለፈ ወር አልፎታል።

ለተከበሩ የአካባቢያችን የጡረተኞች የትምህርትና የመዝናኛ ማዕከል ኃላፊ፣

ጤናዎ በየዓመቱ ቀለም እንደሚቀባው የማዕከልዎ በር ዘወትር የታደሰ፣ ጉልበትዎም ለጡረተኞች በተሠራ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ለመክፈት እንዳበቃዎ ሁሉ ወደፊትም የማይከዳዎ ይሁን እያልኩ ከአክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ። እኔም ደረጃዎን ወጥቼ ትንፋሼ ከተመለሰልኝ ወዲህ ደህና ነኝ። አባቴም ደህና ነው። ችግሩም ይኸው ነው፤ ደህና መሆኑ።

ማንነቴን ባያስታውሱ አልቀየምም፤ የጋሽ ፍሬን ልጅ ነኝ። ይህን ስም ያወጡለት በእርስዎ የጀማሪዎች ኮምፒውተር ክፍል አብረውት የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ከራሱ በላይ ተለጥፎበት የሥራ ዘመኑን የጨረሰ ሰው ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ወደ እኔ ቤት ሲገባ ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመውን ወሬ ይዞ ገባ። እኔ ደግሞ የመጻሕፍት አራሚ ነኝ፤ የምሠራው ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው፤ ጸጥታ እፈልጋለሁ። እሱ ከወንበሬ ጀርባ ቆሞ የማርመውን ጮክ ብሎ ያነብልኛል፤ አንብቦም «ይሄ ሰውዬ ግን ምን አስቸግሮት ነው እንዲህ የሚያንዛዛው?» ይለኛል ስለ ደራሲው። እውነቱን ነበር። ቢሆንም ማስታወቂያዎን ያየሁ ዕለት እጁን ይዤ አምጥቼ አስመዘገብኩት። እንዲማር ብዬ አልነበረም፤ ከቤት እንዲወጣልኝ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ኋላ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አደረገ እንዳይሉኝ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ክፍሉ አመሰግናለሁ። መስኮቱ የማይዘጋ፣ በሩ የማይከፈት፣ ኮምፒውተሮቹም ከተማሪዎቹ ቀድመው ጡረታ መውጣት የነበረባቸው ቢሆኑም፣ በኋላኛው ረድፍ የነበረውን ደስታ ያህል በከተማው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሲስተር የሚሏት ጡረተኛ ነርስ ትምህርት ሳይጀመር የሁሉንም የደም ግፊት ትለካለች፤ ከፍ ያለበትን «አንተ ዛሬ ኪቦርድ እንዳትነካ» ብላ ትፈርድበታለች። ከጎኗ በመሥሪያ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ በአሥር ጣቷ ስትጽፍ የኖረች ታይፒስት ትቀመጣለች፤ በእርስዎ ክፍል ውስጥ ግን በአንድ ጣቷ አንድ ፊደል ፍለጋ ስትዞር ሻይ ይቀዘቅዛል። ከእሷ ቀጥሎ አባቴ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ይወጣል፤ ለምሳ ሲመለስ ወሬው አልቆለት፣ ጉንጩ በሳቅ ዝሎ ነው። እኔም በሰላም አርማለሁ። ለዚህ በእውነት እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህቺኛዋ ምስጋና ሽሙጥ የለባትም።

ሁለተኛ፣ «ያለፈ ይሰናበታል» ስለሚለው መመሪያዎ አመሰግናለሁ። ቦታው ጠባብ፣ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው፤ ይገባኛል። ያለፈ ሰው የሚገባበት ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ትምህርት ግን አሠልጣኝ ስላልተገኘለት እስካሁን የሚሰጠው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ያለፈ ሰው ምስክር ወረቀቱን ታቅፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው። የኋላኛው ረድፍ ሰዎች ይህን ባወቁ ጊዜ ተመካከሩና ወደቁ። በተራ፣ በሥርዓት፣ አንዱ የሌላውን ስሕተት ሳይሰርቅ ወደቁ። ሲስተር ማሽኑን ገና ሳይነሣ ታጠፋዋለች። የታይፒስቷን ነግሬዎታለሁ። አባቴ ማውሱን በሁለት እጁ ወደ ላይ አንሥቶ እንደ መሪ ያዞረዋል። ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስት ጊዜ ወደቀ። በእኔ ግምት በማዕከልዎ ውስጥ በዕቅዱ መሠረት ሲሠራ የነበረው ነገር ይህ ብቻ ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው፤ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ፣ ሲስተር በራችሁ ላይ አግኝታኝ።

ሦስተኛ፣ «ቤተሰብ ካገዛቸው ይችላሉ» ብለው በየቤቱ ስለላኩት ማሳሰቢያ። አራሚ ነኝ ብያለሁ፤ ስሕተት ሳይ እጄን ይበላኛል። የገዛ አባቴ ማውስ መያዝ አቅቶት ሦስት ጊዜ ወደቀ መባሉ ደግሞ፣ አልዋሽዎትም፣ አሳፈረኝ። ስለዚህ ሥራዬን ስጨርስ ኮምፒውተሬን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አደርግና አስተምረው ጀመር። «አባዬ፣ ስንቴ ልንገርህ?» ስለው «የፈለግኸውን ያህል» ይለኛል። ያሾፈብኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። አሁን ሳስበው አላሾፈም። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እጄን በእጁ ላይ አድርጌ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ቆይ አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ሳልለው የምናወራበት ሰዓት እሱ ብቻ ነበር። እሱ እንዳያልቅ ይማራል፤ እኔ እንዲያልቅ አስተምራለሁ።

አራተኛ፣ የፈተናውን ቀን የቤተሰብ ቀን ስላደረጉት። ወንበር ስላልበቃ ቤተሰብ ከተፈታኙ ጀርባ ይቁም ብለው አዘዙ፤ ቆምኩ። አባቴ አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ። ሲስተር ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እንደማልሰማ ሆንኩ፤ እውነትም የሰማሁት ሳል ብቻ ነው። ስሙን ጻፈ። የጻፈውን አስቀመጠ። የመጨረሻው ጥያቄ ለቤተሰብ አንድ መልእክት መላክ ነበር፤ ጥቂት ቆየ፤ ጣቱ ቁልፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እኔም ከጀርባው «በል እንጂ» አልኩ፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። «ልጄ ደህና ነህ» ይላል። እርስዎ ቀድመው አጨበጨቡ። እኔ ከእርስዎ አስበልጬ አጨበጨብኩ። ታይፒስቷ ዓይኗን ከማሽኗ አላነሣችም። ሲስተር በኋላ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልዎ፤ «አንተ ልጅ፣ ምን በድለንህ ነው? አውቶቡስ ሙሉ ሰው ፊት ያላፈረ ሰውዬ፣ ልጁ ፊት መውደቅ አቃተው እኮ።»

አምስተኛ፣ ስለ ጥበቃዎ ጨዋነት። አባቴ በሚቀጥለው ማክሰኞ እንደ ወትሮው ሲመጣ ጥበቃው ከመቀመጫው ተነሥቶ «አባባ፣ እንኳን ደስ ያለዎ፣ እርስዎ እኮ ጨርሰዋል» አለው። አባቴ ምርቃት መስሎት «አሜን» ብሎ ሊገባ ሲል ክንዱን ያዘው። በአክብሮት ነው የያዘው፤ አባቴ ራሱ መስክሮለታል። ይህንንም ሆነ ከዚያ ወዲያ አባቴ ያደረገውን ያኔ አላወቅሁም፤ አለማወቄ ደግሞ ይመቸኝ ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ ኮቱን ለብሶ ይወጣል፤ ለምሳ ይመለሳል፤ ትምህርቱ እንደሌለ ገና ሳላውቅ «እንዴት ነው ሁለተኛ ደረጃ?» ስለው «ከባድ ነው» ይለኛል። ወሬው ሲቀንስ፣ ትምህርቱ ጸንቶበት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ሐሙስ ያረምኩትን ለማተሚያ ቤቱ ላስረክብ አውቶቡስ ተሳፍሬ ስሄድ ከማዕከልዎ ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ ላይ ቆምን። አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ «ጋሼ፣ ዛሬስ አትወጣም?» ሲለው፣ በመዳፉ «እለፍ፣ እለፍ» አለው፤ እንደሚያውቀው መኪና። ሹፌሩም ረዳቱን «እዚሁ ነው የሚውለው» አለው። መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ቢዞር ያየኛል። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ያደረግሁትን እርስዎ አላዘዙኝም፣ መመሪያዎም አያስገድድም፤ ከወንበሬ ዝቅ ብዬ ጫማዬን የማስር መሰልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

በነጋታው ነው ወደ ቢሮዎ የወጣሁት። እርስዎም ውሃ አስመጡልኝ፣ አረጋጉኝ፣ መውጫ መንገድም ጠቆሙኝ። ያለፈ ሰው ተመልሶ የሚገባው የተማረውን ከረሳ ብቻ መሆኑን፣ ለዚህም የአእምሮ መድከም ለገጠማቸው አረጋውያን የተዘጋጀ ቅጽ እንዳለ፣ ልጅ ከፈረመበት ሌላ ጥያቄ እንደማይቀርብ ነገሩኝ። «ፈርምና ማክሰኞ ይግባ» አሉኝ። ደግነትዎን አልረሳም። ብረሳ እንኳ ለእሱም ቅጽ እንዳለ አውቄአለሁ።

ለአባቴ ነገርኩት። ማወቄን ሲሰማ አፈረና «ታዲያ ፈርማ፤ ሰው ስንቱን ይፈርማል» አለኝ። ሲስተርም «ለመርሳት የተፈጠርክ ሰው ነህ፣ ምንም አይከብድህም» ብላ አበረታታችው። በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ ላይ አየት አድርጎኝ «ማን ልበል?» አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ጠየቀኝ፤ ያን ቀን አልሳቀም። ስደነግጥ ጊዜ «እየተለማመድኩ ነው» አለኝ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ቁርሴን በትክክል በልቼ አላውቅም። በዓመቱ ወይም በሁለት ዓመቱ እውነት የመጣ እንደሆነ፣ ያኔ የሚጠይቀኝን ከአሁኑ ልምምድ በምን እለየዋለሁ? ደግሞስ በገዛ እጄ የፈረምኩበትን ነገር መጣብኝ ብዬ ለማን አቤት እላለሁ?

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው፤ አባቴን ይጣሉልኝ። አልረሳም፣ አልታመመም፤ ወድቋል ይበሉልኝ። ምክንያት ካስፈለገዎ እነሆ ምክንያት፤ ልጁ ከጀርባው ቆሞ መልሱን ሹክ ብሎታል። ውሸት ነው፤ ነገር ግን ከቅጽዎ ውሸት ያነሰ ነው፤ የሚያዋርደውም እኔን ብቻ ነው። እፈርማለሁ፤ ምስክር ካስፈለገም ሲስተርና ታይፒስቷ ምን እንዳዩ ከእኔ አስበልጠው ያስረዳሉ። በሰሌዳዎ ላይ «በማጭበርበሩ ወደ ግቢው እንዳይገባ የታገደ» ብለው ፎቶግራፌን ቢለጥፉ፣ ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ እሱን በመስታወት አስገብቼ ቤቴ እሰቅላለሁ።

መመሪያዎ ከማዕከሉ፣ ማዕከሉ ከጡረተኞቹ፣ ጭብጨባዎም ከሁሉም በላይ ዕድሜ እንዲኖረው እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ጊዜ፣ ላስመጡልኝ ውሃና ለሰበሰቡት የምሩቃን ብዛት ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት ደግሜ በመግለጽ፣

ከወንበር የፈነቀሉት ሰው ልጅና ፈንቃይ አጋርዎ፣
አራሚው

ማሳሰቢያ፦ ይህን የምጨምረው በእጅ ጽሑፍ፣ በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ነው፤ ለመጥፎ ጽሑፌ ይቅርታ። ጸሐፊዎ ደብዳቤዬን አነበበችና «ኃላፊው እንዲህ ያለ ነገር አይቀበሉም፣ ቅጹን ይሙሉና ይገላገሉ፣ አባትዎን ማመላለስስ አይሰለችዎትም?» አለችኝ። ከልቧ አዝናልኝ ነው። እግረ መንገዷንም እርስዎ በሰኔ ጡረታ እንደሚወጡ አጫወተችኝ። እንኳን ደስ ያለዎ። ከማውቀው ላካፍልዎ፦ ወደ ክፍሉ ሲመጡ ከኋላኛው ረድፍ ይቀመጡ፣ ሲስተርን የደም ግፊትዎን ያስለኩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቶሎ አይግባዎ። ልጆች ካሉዎ በፈተናው ቀን ሩቅ አገር ይላኳቸው።

አባቴ ታች ጥበቃው ዘንድ ቆሟል፤ ኮቱን እስከ ላይ ቆልፎ፣ ለመርሳት ተዘጋጅቶ መጥቷል። እኔም በመጨረሻ እጄን ሰጥቼ ቅጹን መሙላት ጀምሬ ነበር። ስሙን ጻፍኩ፣ ዕድሜውን ጻፍኩ። ቀጥሎ «ቤተሰባቸውን መለየት ያቆሙት ከመቼ ጀምሮ ነው?» ይላል። እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀመጥኩ። ጥያቄው ተገልብጦ፣ ቤተሰባቸው እሳቸውን መለየት ያቆመው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚል ቢሆን ኖሮ፣ ቀኑንም ቦታውንም አሟልቼ እሞላልዎ ነበር። ጸሐፊዎ ለማኅተሙ ቀለም ልታመጣ ወጥታለች። ስትመለስ አታገኘኝም፤ ወርጃለሁ።